ገጽ አንድ ላይ የተቀመጠ ጎልማሳ አያስቅም

«ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ይላል ተረቱ። ሰው በዕድሜው ማምሻ የወጣት ጌጥ ሲያምረው ለመሸርደድ የተባለ ነው። አጭር ነው፣ ያስቃል፣ ክርክርም ይዘጋል። ጉዳቱም እዚሁ ላይ ነው። በዚህች ሦስት ቃል ምክንያት ስንት ጎልማሳ ሊጀምር ያሰበውን ሳይጀምር እንደቀረ የቆጠረ የለም።

እንበልና መጋላ ውስጥ አንድ የአርባ አምስት ዓመት ሰው አለ። ቀን ሱቁን ይጠብቃል፣ ሦስት ልጆች ያሳድጋል። አንድ ቀን ያገለገለ ኪቦርድ ገዛ። ለጎልማሶች የተዘጋጀ የፒያኖ መማሪያ መጽሐፍም አገኘ፤ ፎቶ ኮፒ ነው፣ አንዳንዱ ገጽ ደብዝዟል። ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ ጎረቤት እንዳይረበሽ የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ከገጽ አንድ ይጀምራል። አውራ ጣት 1፣ ሌባ ጣት 2፣ የመሀል ጣት 3፣ የቀለበት ጣት 4፣ ትንሿ ጣት 5። በሳምንቱ መጨረሻ የደረሰበትን በስልኩ ቀርጾ ለጓደኞቹ ይልካል። ሠላሳ ሴኮንድ የማይሞላ፣ ሁለት ቦታ ላይ የሚሰናከል፣ የልጅ መዝሙር የሚመስል ዜማ ነው።

በማግሥቱ በርጫ ላይ ምን እንደሚጠብቀው ድሬን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። «ወርያ፣ ቤትሆቨን መጣ! ተነሱለት!» ይላል አንዱ። «ልጆችህን ብታስተምርበት አይሻልም?» ይላል ሌላው። ሦስተኛው ምንም አይልም፤ ጣቶቹን አየር ላይ እያርመሰመሰ ያስቃል። ያ ሰው አብሮ ይስቃል። የሚቀጥለውን ሳምንት ቪዲዮ ግን አይልክም። ከወር በኋላ ኪቦርዱ አልጋ ሥር ይገባል፣ ከዚያ ይሸጣል። ሴት ከሆነችማ ነገሩ እዚህም አይደርስም፤ «ቤቱን ማን ሊይዘው ነው?» የሚለው ጥያቄ ኪቦርዱ ሳይገዛ ይቀድማል።

«ጨዋታ ነው» ይባላል። የድሬ ሰው ለትልቁም ለትንሹም «አንተ» እያለ የሚኖር፣ ቀልዱን የቅርበት ምልክት ያደረገ ሕዝብ ነው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ቀልድ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ሰውን ወደ ጨዋታው ያስገባል፣ ሌላው ከጨዋታው ያስወጣል። አርባ አምስት ዓመቱ ላይ ገጽ አንድን የከፈተ ሰው ላይ የሚወረወረው ሁለተኛው ዓይነት ነው። መልእክቱም ግልጽ ነው፦ «የመማሪያ ጊዜህ አልፏል፤ ባለህበት እርጋ።» ይህ ስህተት ነው። መጋላ ውስጥ ሲነገር ደግሞ ከስህተትም አልፎ ውለታ መርሳት ይሆናል።

ለምን ቢባል፣ ይህች ከተማ በጎልማሳ ጀማሪዎች የተሠራች ናት።

ድሬዳዋ የተወለደችው ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ከጅቡቲ ሲደርስ ነው። ከደቻቱ በአንዱ በኩል ከዚራ ቀጥ ባሉ መንገዶች ለባቡሩ ሰዎች ተነደፈ። በሌላው በኩል መጋላ በገበያ ዙሪያ ራሱን በራሱ አሳደገ። ስሙም ይህንኑ ይናገራል፤ በአካባቢው ቋንቋዎች መጋላ ማለት ገበያ ወይም ከተማ ማለት ነው። ወደዚህ ገበያ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዓረቡ፣ ሌላውም መጣ። ብዙው የመጣው አድጎ፣ አንድ ቋንቋ ብቻ ይዞ ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የለመደው ቀፊራ ገበያ ውስጥ፣ ዋጋ ሲከራከር፣ ተባዕቱን በአንስታይ እየጠራ፣ እየተሳቀበት ነው። የባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበረም አካፋ ይዞ የገባው ጎልማሳ የማሽኑን ክፍሎች በፈረንሳይኛ ስማቸው ለቃቀመ። ለእነዚህ ሰዎች «ቋንቋ በልጅነት ነው፣ አሁን ምን ያደርግልሃል?» ያላቸው ቢኖርና ሰምተውት ቢሆን ኖሮ ድሬ የምትኮራበት የቋንቋ ቅልቅል አይኖርም ነበር።

ሙዚቃውም እንዲሁ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አፍረን ቀሎ የተባለው ቡድን በዚሁ ከተማ ሲነሳ አባላቱ የሙዚቃ ትምህርት ቤት እስኪከፈትላቸው አልጠበቁም። መድረካቸው ሠርግ ቤት ነበር። አንዱ ለሌላው ያሳያል፣ የተሳሳተው እዚያው ሕዝብ ፊት ይታረማል። ከዚያ ቡድን ወጥተው በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በአማርኛና በዓረብኛ የዘፈኑት ዓሊ ቢራ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲያርፉ ከተማው በኀዘን ሸኛቸው። ኀዘኑ ተገቢ ነበር። ነገር ግን የሞተን ሙዚቀኛ እያከበሩ በሕይወት ያለን ጀማሪ መሸርደድ እርስ በርሱ ይጣረሳል። ሁሉም አንጋፋ አንድ ቀን የመጀመሪያውን የተሳሳተ ድምፅ አውጥቷልና።

አሁን ክሶቹን አንድ በአንድ ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ክስ «ጊዜው አልፏል» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው የቅርቡን የአገሩን ታሪክ ዘንግቷል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ጥላ ሥር፣ ሜዳ ላይ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ መማሪያ መጽሐፍ ይዘው የተቀመጡት ሚሊዮኖች ልጆች ብቻ አልነበሩም። እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች ነበሩ። መጽሐፎቹ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ተዘጋጁ። በዓመቱ ዘመቻው ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ተቀበለ። ስለዘመኑ ፖለቲካ የፈለገው ይባል፤ ብዙ ደም የፈሰሰበት ዘመን ነው፣ ዘመቻውም ከፕሮፓጋንዳ የጸዳ አልነበረም። አንድ ነገር ግን አስተምሮ አልፏል፦ በሥራ የደነደነ የስልሳ ዓመት እጅ እርሳስ መያዝ ይለምዳል። እጁ እርሳስ ከለመደ የፒያኖ ቁልፍ የማይለምድበት ምክንያት የለም።

«ለፒያኖ እኮ የልጅ ጣት ያስፈልጋል» የሚል ይኖራል። እውነትነት አለው። ጎልማሳ እጅ ይገታል፣ ትከሻ ይጠብቃል፣ ግራና ቀኝ እጅ የተለያየ ነገር እንዲሠሩ ማለማመድ ወራት ይፈጃል። በሌላ በኩል ጎልማሳ የሚያነበው ይገባዋል፤ ለምን እንደሚደጋግም ያውቃል፤ ማንም ሳያስገድደው ይቀመጣል። በአርባ አምስት ዓመቱ የጀመረ ሰው የኮንሰርት ፒያኒስት አይሆንም ማለትም ይቻላል። ማንም ይህን አልጠየቀም። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩት እናቶች ደራሲ እንዲሆኑ የጠበቀ አልነበረም። ከልጃቸው የመጣ ደብዳቤ በራሳቸው እንዲያነቡ ነበር። የመጋላው ባለሱቅም ከሚወደው ዜማ አንዱን በራሱ እጅ ማንበብ ነው የፈለገው።

ሁለተኛው ክስ «ተሰጥኦ ከሌለህ አትድከም» የሚለው ነው። ይህ ክስ ብልህ ይመስላል፤ ሰነፍ ነው። ተሰጥኦ መኖሩን ከመሞከር በፊት የሚያውቅ የለም። የሚገርመው ደግሞ ይህች አገር የሙዚቃ አባቷን ስትመርጥ የመረጠችው ፈጣን ተማሪ አለመሆኑ ነው። በትውፊቱ ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ተገርፎ፣ የሸሸ ልጅ ነው። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ትሏ ግንዱን ለመውጣት እየሞከረች ስትወድቅ፣ ደግሞ ስትሞክር፣ በመጨረሻ ስትወጣ አየ፤ ተመለሰም። ይህን ታሪክ በልጅነቱ ያልሰማ ጥቂት ነው። ታሪኩን እያደነቁ ትሏ ሁለተኛ ጊዜ ስትወድቅ መሳቅ ምን ይባላል? የመጋላ ልጅ በቁርዓን ቤትም ያደገው በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ሎሁን ይጽፋል፣ ይደግማል፣ ይታረማል፣ ያጥባል፣ እንደገና ይጽፋል። በሁለቱም ቤት ዕውቀት የሚመጣው በድግግሞሽ ነው። ፒያኖ ላይ ሲደርስ ብቻ ድግግሞሽ የተሰጥኦ ማነስ ምልክት ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው ክስ ከበድ ይላል፦ «ፒያኖ የፈረንጅ ነው፣ የሀብታም ልጅ ጨዋታ ነው።» ለዚህ ክስ ማስረጃ አለው። የኢትዮጵያ ፒያኖ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠሩት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ተማሩ፣ በኋላም ካይሮ ሄደው ተማሩ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ያረፉት እኚህ እናት መነሻቸው የቤተ መንግሥት ሰፈር ነበር፤ ይህ አይካድም።

ግን ታሪኩ እዚያ አያልቅም። ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነታቸው የሚያውቁት ክራር ነበር። ከፒያኖ ጋር የተገናኙት በ16 ዓመታቸው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። ለፒያኖ 16 ዓመት «ያለፈበት» ዕድሜ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እሳቸው ግን ቡልጋሪያ ድረስ ሄደው ተምረው፣ ተመልሰው በዚያው ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ የኢትዮጵያን ዜማም በዓለም መድረኮች ላይ ፒያኖ ላይ አስቀመጡት። ኃይሉ መርጊያ ደግሞ አሉ። የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች ሆነው ስማቸው ከተተከለ በኋላ አሜሪካ ቀርተው ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዱ። ኪቦርዳቸውን ከመኪናው የዕቃ መጫኛ አልለዩም። ኤርፖርት ላይ ተራ ሲጠብቁ አውጥተው ይለማመዱ ነበር፤ ያየ ሰው ምን እንዳለ አላስጨነቃቸውም። እ.ኤ.አ. በ1985 የሠሩት ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ፈልጎ አገኛቸው፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጡ። የታክሲ ተራ ላይ ኪቦርድ የሚለማመድ ሰው የሀብታም ልጅ አይደለም።

«የፈረንጅ» የሚለው ቃል ደግሞ በድሬዳዋ አፍ ሲነገር ያሳፍራል። ባቡሩ የማን ነበር? ኡዱ ከየት መጣ? ሳምቡሳውስ? እ.ኤ.አ. በ1924 አዲስ አበባ የገቡት አርባዎቹ የአርመን ልጆች የነፉት የናስ መሣሪያ የማን ነበር? ከዚያ በኋላ በተከታታይ የተሠራው ዘመናዊ ሙዚቃ፣ ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የሚባለው ሁሉ፣ ከውጭ በመጣ መሣሪያ የተነገረ የአገር ቋንቋ ነው። ዕቃ የሚጫወተውን ሰው ይከተላል። ድሬ ይህን ለሌላው ማስተማር የምትችል ከተማ ናት።

አራተኛው ክስ የሚመጣው ከዜና ተከታታዩ ነው፤ ስለዚህም ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል። «አገር በዚህ ሁኔታ ላይ እያለች፣ ሰው እየሞተ፣ ዘይት በዚህ ዋጋ እየተሸጠ፣ ፒያኖ?» ይላል። ጥያቄው ከባድ ነው፣ የሚጠየቅበት ጊዜም እውነተኛ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ወደ ላይ ነው፤ ኪቦርድም ከዚያ አልወጣም።

ግን ያው ጠያቂ ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ምን ሲያደርግ ነበር? ስልኩ ላይ ነበር። አንዱ የሌላውን ብሔር ሲሰድብ ሲያነብ፣ ያልተጣራ ወሬ ሲያስተላልፍ፣ በማያውቀው ጉዳይ ላይ ሲፈርድ ነበር። ይህ አገርን አንድ ጋት ወደፊት አላራመዳትም። ሃያ ደቂቃ ኪቦርድ ላይ የተቀመጠው ሰው ከአገሩ ጉዳይ የሰረቀው ጊዜ የለም፤ ከስልኩ ነው የሰረቀው።

ከዚህም በላይ አንድ ነገር አለ። የአገሩን የውይይት ባህል የሚያጠፋው የዕውቀት ማነስ ብቻ አይደለም፤ «አላውቅም» ማለት ውርደት መሆኑም ጭምር ነው። ሁሉም በአንድ ሌሊት የታሪክ ሊቅ፣ የጦር ተንታኝ፣ የኢኮኖሚ ባለሙያ ሆኗል። የተሳሳተ ሰው አይታረምም፤ ስህተቱን በድምፅ ብዛት ይሸፍነዋል። በዚህ መሀል አንድ ጎልማሳ «ገጽ 12 ላይ ነኝ፣ ግራ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል፣ ስሙና ንገሩኝ» ብሎ ስህተቱን በራሱ እጅ ይልካል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አዋቂ ሰው በአደባባይ ተማሪ የሚሆንበት ቦታ በጠፋበት አገር ይህ ሰው ጥሩ ምሳሌ ነው። ሳቁ የሚያጠፋው አንድ የፒያኖ ተማሪ ብቻ አይደለም፤ «አላውቅም፣ ልማር» የሚለውን ቃል ነው።

ክሶቹ ይህን ያህል ናቸው። ጀማሪውን መከላከል ግን ጀማሪው የያዘው ሁሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም።

መጽሐፉን እንይ። ከታወቁት የጎልማሶች የፒያኖ መማሪያዎች አንዱ የአልፍሬድ ነው፤ ሌላው የፌበር። ጥሩ መጻሕፍት ናቸው። እንደ ፊደል ገበታ ናቸው፤ አንዱ ገጽ ላይ አንድ አዲስ ነገር ብቻ ይሰጣሉ። አምስት ጣት በአምስት ቁልፍ ላይ ያስቀምጣሉ፣ ቀኝ እጅን ለብቻ፣ ግራ እጅን ለብቻ፣ ከዚያ አንድ ላይ ያስኬዳሉ። ቪዲዮ ላይ ከላይ የሚዘንቡ ባለቀለም መስመሮችን እየተከተሉ አንድ ዘፈን መሸምደድ በሁለት ሳምንት ያስጨበጭባል፤ ሁለተኛውን ዘፈን ግን ከዜሮ ያስጀምራል። መጽሐፉ ማንበብ ያስተምራል። ማንበብ የቻለ ሰው ነገ ያላየውን ገጽ ይከፍታል።

ችግሩ መጽሐፉ የሚያስነብበው ዜማ ነው። አልፍሬድን የከፈተ የመጋላ ሰው የሚያገኘው «ጂንግል ቤልስ» እና «ዌን ዘ ሴይንትስ ጎ ማርቺንግ ኢን» ነው። በሕይወቱ በረዶ ላይ የሚሄድ ጋሪ አላየም። ጆሮው ያደገው በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል፣ በአንቺሆዬ፣ ከዚያም በላይ በኦሮሞ፣ በሶማሌና በሐረሪ የሠርግ ዜማ ነው። ጣቱ የሚማረውና ጆሮው የሚያውቀው ሳይገናኙ ሲቀሩ ጎልማሳው «ይህ ለእኔ አይደለም» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋዋል። ዘጋቢው ስንፍና ሳይሆን ባይተዋርነት ነው።

ፒያኖው ራሱ ግን ባይተዋር አይደለም። ኪቦርድ ቤቱ ያለው ሰው አሁኑኑ ይሞክረው። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሦስትና ሁለት እየሆኑ ይደረደራሉ። ከሦስቱ የመጀመሪያው ላይ ይጀምርና ሦስቱን በተራ፣ ቀጥሎ ያሉትን ሁለቱን በተራ ይጫን። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፤ ትዝታ ነው። አንድም ነጭ ቁልፍ ሳይነካ። ባቲን የፈለገ ደግሞ ነጮቹ ላይ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ይበል። ቅኝቶቹ አምስት አምስት ድምፅ ናቸው፤ እጅም አምስት ጣት ነው። መጽሐፎቹ ጀማሪውን ከአምስት ጣት አቀማመጥ ሲያስጀምሩ፣ ሳያውቁት ለኢትዮጵያዊ ዜማ የተመቸ በር ከፍተዋል። በሩን አልፎ የሚገባ ሁለተኛ መጽሐፍ ነው የሚያስፈልገው፦ ከትዝታ የሚጀምር፣ ወደ ባቲ የሚሄድ፣ ከአምባሰል የሚደርስ፣ ማብራሪያው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሐረሪ የተጻፈ፣ ዋጋውም ባለሱቅ የሚችለው።

«ቅኝት ፒያኖ ላይ አይቀመጥም፤ መሲንቆና ኡድ በቁልፎች መካከል ያለውን ድምፅ ያወጣሉ፣ ፒያኖ አያወጣም» የሚል ባለሙያ ይነሳል። ልክ ነው፤ ፒያኖ ያን ጥቃቅን መንሸራተት አያውቅም። ነገር ግን ፊደልም የድምፅን ጥብቀትና ላላታ ሁሉ አይጽፍም፤ «አለ» ብሎ የጻፈው ሰው «አለ» ይሁን «አለ፞» አንባቢው በራሱ ይሞላዋል። ፊደሉ ጎደሎ ነው ተብሎ ማንበብ አልቀረም። መጽሐፉ መግቢያ እንጂ መጨረሻ አይደለም።

ለጀማሪዎቹም አንድ ወቀሳ አለ። እድገትን ማካፈል ጥሩ ነው፤ ምን እንደሚካፈል ግን ይለያያል። ብዙው ሰው ሃያ ጊዜ ቀርጾ አንዱን፣ ያልተሰናከለውን፣ ብቻ ይልካል። ከዚያ «በርታ»፣ «አንበሳ»፣ «ጎበዝ» ይዘንብለታል። ሁለቱም ወገን ይደሰታል፤ የተማረ ግን የለም። ገጽ 12 ሳይበስል ገጽ 30 ይዘለላል፣ ምክንያቱም ገጽ 30 ላይ ያለው ዜማ ለቪዲዮ ያምራል። ይህ ከመማር ይልቅ ለመታየት መማርን መምሰል ነው፤ ሸርዳጆቹም ጥይታቸውን የሚያገኙት ከዚህ ነው።

የሚጠቅመው ማካፈል ሌላ ነው። ቀን ተጽፎበት፣ ገጹ ተጠቅሶ፣ የተሰናከለበት ሳይቆረጥ ይላካል። የሚያዳምጠውም ጓደኛ «ጎበዝ» ብሎ አያልፍም፤ «ሦስተኛው መስመር ላይ ትቸኩላለህ፣ ቆጥረህ ተጫወተው» ይላል። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ከመድከም በየቀኑ ሃያ ደቂቃ መቀመጥ እንደሚሻል የሚያውቀውን ያስታውሰዋል። አራት አምስት ሰው እንዲህ ቢሰባሰብ መምህር ባይኖርም ግማሽ መምህር አለ ማለት ነው። የአፍረን ቀሎ ልጆች ሠርግ ቤት ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ ልዩነቱ ስልክ አለመኖሩ ብቻ ነው።

ገንዘቡም ቢሆን መላ አለው። ኪቦርድ ለአንድ ደመወዝተኛ ይከብዳል፤ ለስድስት ሰው ግን ዕቁብ ነው። በዕቁብ ባጃጅ የገዛ፣ በአፎቻ ሠርግና ኀዘን የተሸከመ ሕዝብ አንድ ኪቦርድ በጋራ መግዛት አያቅተውም። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ነው።

ከሰው አቅም በላይ የሆነው ግን ከሰው አይጠየቅም። ከተማው ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት፣ የወጣት ማዕከል፣ አዳራሽ ወይም ሆቴል ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ ኪቦርድ ወይም ፒያኖ ካለ፣ ቁልፉ የማን ኪስ ውስጥ እንዳለ መጠየቅ ተገቢ ነው። በሳምንት ሁለት ምሽት፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት፣ ለጎልማሶች ክፍት ቢሆን የሚጠይቀው አንድ ጥበቃና አንድ መዝገብ ነው። በጀት የለም የሚለው መልስ እዚህ ላይ አይሠራም። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስመረቃቸው ባለሙያዎችም የጎልማሳ ጀማሪን ጥያቄ ከክብራቸው በታች ማየት የለባቸውም። የኮንሰርት ተጫዋች ማውጣት ትልቅ ሥራ ነው፤ የሚያዳምጠውን ሕዝብ ማሳደግም የዚያን ያህል ነው። በእጁ ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ነው የተሳካለትን በትክክል የሚያደንቀው። ሁለተኛውን መጽሐፍ መጻፍ የሚችሉትም እነሱ ናቸው፤ ካልጻፉት የመጋላው ባለሱቅ «ጂንግል ቤልስ»ን በግንቦት ሙቀት እየተጫወተ ይቀጥላል፣ ወይም ያቆማል።

የበርጫው ቤት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄም አለ። ከአሥር ዓመት በኋላ ያ የአርባ አምስት ዓመት ሰው፣ ቢጀምርም ባይጀምርም፣ ሃምሳ አምስት ዓመት ይሞላዋል። ልዩነቱ አንድ ነው፦ አንደኛው ሃምሳ አምስት ዓመት ሞልቶት በልጁ ሠርግ ላይ አንድ ትዝታ በራሱ እጅ ይጫወታል፤ ሌላው «ያኔ ብጀምር ኖሮ» ይላል። ቀልደኛው ከሁለቱ የትኛው አጠገብ መቀመጥ እንደሚፈልግ ከአሁኑ ይምረጥ።

ተረቱም ይስተካከል። ሲያረጁ አምባር መዋጀት አያስቅም። የሚያሳዝነው አምባሩን እያዩ፣ እየተመኙ፣ «ሰው ምን ይለኛል» ብለው ሳይነኩት ማርጀት ነው። ዛሬ ማታ መጋላ ውስጥ አንድ መስኮት ላይ መብራት በርቶ፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ሦስት ጥቁርና ሁለት ጥቁር እየቆጠረ ከሆነ፣ በዚያ የሚያልፍ ሰው ይለፍ። ካልቻለም ቆም ብሎ ያዳምጥ። ነገ ሲያገኘው ግን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ይበቃል፦

«ወርያ፣ ገጽ ስንት ደረስክ?»